በካልሲ የተሞላ እግር

ባለፈው ቅዳሜ ጋምቤላ ገበያ ከሰልባጅ ክምር አጠገብ ቆሜ የሱፍ ካልሲ ሸተተኝ፤ ያ የታጠበም ያልታጠበም የማይመስል፣ ላብና ሳሙና የተቀላቀለበት ሽታ። ሻጩ በዚህ ሙቀት የሱፍ ካልሲ ለማን ሊሸጥ እንዳሰበ እንጃ። እኔ ግን አንድ ደንበኛ አውቅ ነበር፤ አባቴን።

አባቴ ከደጋ ተመድቦ የመጣ የክትባት ሠራተኛ ነበር፤ የክትባት ሣጥኑን በትከሻው አንግቶ በጀልባና በእግሩ መንደር ለመንደር ሲዞር የኖረ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር የሚለው ሰው። አንድ ቀን ከማታር ከተማ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠና ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ፤ የሐኪሞች ቦርድም ከእንግዲህ መሥራት አይችልም ብሎ በጉዳት ጡረታ አሰናበተው። እኔ ያኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜም አልተወለደም። ደጋ ሄዶ ሰው ሠራሽ እግር አሠርቶ ሲመለስ ግን፣ ቀጥ ብሎ ሲራመድ ላየው አንዳች የጎደለበት አይመስልም ነበር።

እግሩ የተሠራው በዚያን ጊዜው አባቴ ልክ ነው። ኑሮ ሲወደድ ከቤታችን መጀመሪያ የሚቀነሰው የእሱ ምግብ ስለነበረ፣ እሱ እየከሳ ሲሄድ እግሩ ሰፋው። ክፍተቱን በካልሲ ይሞላ ጀመር፤ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ደራርቦ፣ ኋላማ ለእኔ የጠበቡኝ የዩኒፎርም ካልሲዎች ሳይቀሩ ገቡበት። ጎረቤቶቻችን በዚያ ሐሩር ካልሲ የሚያሳድድ ቤተሰብ አይተው አያውቁም። የሱቁ ሰውዬ "ዶክተር፣ ያንዱን እግር ብቻ ልሽጥልዎት?" እያለ ሲቀልድበት፣ ከሁላችን በላይ የሚስቀው አባቴ ነበር።

ሐምሌ በመጣ ቁጥር ሬዲዮውን አቅፎ፣ የጡረታ አበል ማስተካከያ ተደረገ የሚል ዜና ይጠብቃል። ብዙው ሐምሌ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። "ሲጨመር ደጋ ወጥቼ እንደገና እለካለሁ" ይላል፤ እግሩን በነፃ ቢሠሩለትም መሄጃውና ማደሪያው ገንዘብ ይፈልጋል። ካልሲው ሲበዛ ቆዳው እየተላጠ ይቆስላል፤ እናቴ በጨው ውኃ ታጥብለታለች። ቁስሉ ከከፋ እግሩን ማጥለቅ እንደማይችል ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ ዓመት ማስተካከያው ታወጀ። ምን ያደርጋል፣ ሬዲዮ ያለው እኛ ቤት ብቻ አልነበረም። ገንዘቡ እጃችን ሳይገባ ወሬው ገበያውን አዳረሰው፤ ውኃ የሚያመጣልን ባለጋሪ እንኳ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ በጀሪካኑ ላይ ዋጋ ጨመረ። ከዚያ አከራያችን ማማ አሪየት መጥታ በራችን ላይ ቆመች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ባሏ የሞተባት፣ የልጅ ልጆቿን የምታሳድግ፣ ዓሣ ያገኘች ቀን ለእኛም ሳትልክ የማትውል ሴት ነበረች።

"ዶክተር፣ አንተ ገንዘብ ተጨመረ፤ እኔ ደግሞ ዱቄት ተጨመረ። ምን ላድርግ?" አለችው፣ መሬት መሬት እያየች።

"እውነትሽን ነው" አላት አባቴ፤ ኪራዩንም ጨመረላት። ጭማሪው ከወራት በኋላ ሲመጣ ከኪራዩ የተረፈው ዱቄቱንም አልቻለ፤ ደጋ የመውጣቱ ነገር ለሚቀጥለው ማስተካከያ ተላለፈ።

የሚቀጥለው ሳይመጣ ቁስሉ ከፋ። አባቴ እግሩን አልጋ ሥር አስቀመጠና ደጃፋችን ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ሲራመድ አላየሁትም። ወንድሜ የተወለደው በዚያ ክረምት ነው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ማስተካከያ ሲታወጅ አባቴ አፈር ከለበሰ ቆይቷል፤ ጭማሪው እናቴ በሞቱ በምታገኛት ድርሻ ላይ ተጨመረላት። ያን ቀን በንዴት አለቀስኩ። ዛሬም እናደዳለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ወንድሜ አሁን የልጆች አባት ነው። አባታችንን የሚያስታውሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ትንሽዬ ሰው አድርጎ ነው። ረጅም ነበር፣ በራችንን ሲያልፍ ጎንበስ ይል ነበር ስለው፣ እህት ስትወድ ታጋንናለች ብሎ ይስቅብኛል። እናታችንም ካለፈች ወዲህ፣ ከቤታችን አባቴን ቆሞ ያየሁት እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።