ከአጥሩ ውጭ የሚያስቀድሰው ሰው

ጣና ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጧፍ የሚሸጡት እማማ አገርነሽ የማያውቁት ምእመን የለም። ይህን ሰው ግን ምን ብለው ይወቁት? እሑድ እሑድ ሱሪውን ተኩሶ፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ይመጣል። ከኪሱ የቢሮ መታወቂያ ገመድ ብቅ ይላል። ሁለት ጧፍ ይገዛና ለሚገቡ ሰዎች ይሰጣል። «አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለወንድሜ ብላችሁ አብሩልኝ» ይላል። እሱ ከአጥሩ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ይቆማል። ጫማውን አያወልቅም፤ ያውም ማሰሪያው ሁለት ሦስቴ የተቋጠረ የቆዳ ጫማ። ቅዳሴው አልቆ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» እስኪል ንቅንቅ የለም።

ባለፈው እሑድ እማማ አላስችል አላቸው።

«ልጄ፣ ንስሐ አልገባህም እንዴ?»

«ገባሁ እንጂ እማማ። ቀኖናየን ከጨረስሁ እንኳ ዓመት አለፈኝ። አባም ‹እግዚአብሔር ይፍታህ፣ በል ግባ› ብለውኛል።»

«ታዲያ ማን ከለከለህ?»

ሰውየው ወደ ሐይቁ ዞረ። «በወንድሜ ላይ ለሠራሁት የአባ ቀኖና አነሰብኝ። የራሴን ጨመርሁበት።»

«እግዜር የፈታውን አንተ ልታስር? ከሱ በላይ ዳኛ ሆንህ?» ብለው ተቆጡ።

ሰውየው አቀርቅሮ ጫማውን አየ።

ዛሬም መጣ። ሱሪው ያው የተተኮሰው ነው፤ ጧፉንም እንደ ወትሮው ሁለት ገዝቶ ከዋርካው ሥር ቆመ። የእማማ ዐይን ግን ወደ እግሩ ሄደ። የተጫማው ማሰሪያ የሌለው ነጠላ ጫማ ነው። ጧፎቹንም ለማንም አልሰጠም።