ወደ ውስጥ የተሳበች አዎ

የሜዳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የተሰጠኝ ዕቃ ሬክ ነበር። ሬክ አፈር ማስተካከያ ነው፤ ሰፊ፣ ጥርሱ አጭር፣ እጀታው ረጅም። የሰጠኝ አለቃዬ ዳግ ነው፤ ፊቱን ፀሐይ የጠበሰው፣ ባርኔጣውን ሲተኛም የሚያወልቅ የማይመስል ሰው። ይህን ነገር ይዘህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም እንደ አገሬ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እ» አልኩት። ዳግ ክው አለ። ወገቤን የያዘኝ መስሎት ሬኩን ከእጄ ቀምቶ የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀመጠኝና ውሃ ሊያመጣልኝ ሮጠ። ሥራ ሳልጀምር በሽተኛ ሆኜ አረፍኩት።

ይህችን «እ» ለእናንተ ማስረዳት አይኖርብኝም። ስትጻፍ ታስቃለች እንጂ በአፍ ሁላችንም እንላታለን። አዎ ማለት ናት፤ እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለትም ናት። ለዳግ ምሳ ሰዓት ላይ አስረዳሁት። ሳቀ፤ እያደርም ለመደኝ። እንዲያውም በሬዲዮ ሲጠራኝ የውሃ ቱቦውን ዘግተህ ከሆነ ትንፋሽህን አሰማኝ ይለኝ ጀመር። ዳግ ስለለመደኝ መላው ስታዲየም የለመደኝ መሰለኝ።

ከዚያ በፊት እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ ዊልቸር ነበር የምገፋው። ሥራውን የጠቆመኝ እዚያ አብሮኝ የሚሠራ ግርማ የሚባል ወዳጄ ነው። «ታዴ፣ ቤዝቦሉ ጋ ሰው ሃየር እያደረጉ ነው፤ ፀሐዩን ከቻልከው ሂድና አፕላይ አድርግ» አለኝ። ቤዝቦል ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። በዱላ ኳስ መምታት ነው ሲሉኝ የገና ጨዋታ መሰለኝ።

የተቀጠርኩት ሲዝናል ሆኜ ነው፤ ጨዋታ ባለበት ወራት ብቻ የሚሠራ ማለት ነው። ቆይቼ ቋሚ ሆንኩ፣ ከዚያም የዳግ ረዳት። በመጨረሻ የማውንዱ ነገር ለኔ ተለቀቀ። ማውንድ ኳስ ወርዋሪው፣ ፒቸር የሚሉት፣ ቆሞ የሚወረውርበት የሸክላ አፈር ጉብታ ነው። ፒቸሩ በወረወረ ቁጥር ወደ ፊት የሚዘረጋው እግሩ አንድ ቦታ እያረፈ አፈሩን ይቆፍረዋል። ጨዋታው ሲያልቅ ጉድጓዱን መጥረግ፣ ውሃ ማርከፍከፍ፣ አዲስ ሸክላ መጨመር፣ በመጠቅጠቂያ መደቅደቅ፣ ከዚያ ሸራ ማልበስ ነው። ውሃው ከበዛ ያንሸራትታል፤ ካነሰ የቬጋስ ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ቡድናችን ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ የፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ቡድን ነበር። እዚህ የሚጫወት ሰው ሁሉ ዓይኑ ወደ ላይ ነው፤ ወይ ይጠራል፣ ወይ ሻንጣህን ያዝ ይባላል። ሩበን ሁለቱንም ያየ ፒቸር ነበር። ላይ ወጥቶ ተመልሷል፤ ዕድሜውም ለዚህ ጨዋታ ገፍቷል። ያ የውድድር ዘመን የመጨረሻ ዕድሉ መሆኑን እሱም አይደብቅም፣ ሌላውም ያውቃል። ሌሎቹ ተጫዋቾች እኛን የሜዳ ሠራተኞችን እንደ አጥር እንጨት እያዩ ነበር የሚያልፉን። ሩበን ግን ማንም ሳይመጣ ማልዶ ይመጣና ማውንዱን ስጠግን አጠገቤ ቆሞ ያወራኛል። ታደሰ ማለት ስለሚያስቸግረው ሚስተር ቲ ነበር የሚለኝ።

ያ ዘመን በሽንፈት ጀመረ፣ በሽንፈትም ቀጠለ። የኛ መቺዎች በዱላቸው አየር ይቀዝፋሉ። የኛ ፒቸሮች የወረወሩትን ደግሞ ሌላው ቡድን ከአጥር ውጭ ይሰደዋል፤ የበረሃው አየር ስስ ስለሆነ ኳስ እዚህ ሩቅ ትበራለች። ተመልካቹ ሳሳ። ተጫዋቾቹ ለዕድል ብለው ጢማቸውን አሳደጉ፣ አልሆነም፤ ተላጩ፣ አልሆነም። ሜዳው ላይ የተሰመረውን የኖራ መስመር መርገጥ ገደ ቢስ ነው ይባላልና አንዱ፣ አንተ ነህ የረገጥከው ብሎ ከጓደኛው ጋር ሊደባደብ ደረሰ።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ምሳሩ ዞሮ ዞሮ እኛ ጋም መጣ። ዋናው አሠልጣኝ ማውንዱ ደርቋል ብሎ ዳግን አስጠራው። ዳግ ይህ ኔቫዳ ነው፣ በረሃ ነው ብሎ መለሰለት፤ ያም ሆኖ አፍርሰን በሌላ ሸክላ እንደ አዲስ ሠራነው። ቡድኑም በአዲሱ ማውንድ ላይ ከበፊቱ በባሰ ተሸነፈ።

በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ሩበን መጣና እንደ ወትሮው አልቀለደም። እኔ ተንበርክኬ ሸክላ እደቀድቃለሁ። ቀኝ ትከሻውን እየዳበሰ ካመመው መሰንበቱን ነገረኝ። ሸሚዙን የምታወልቅለት ሚስቱ ናት። ቢናገር ከተሰላፊዎች ያወጡታል፤ ቡድኑ በሚሸነፍበት ሰዓት ዕድሜው የገፋ ፒቸር ትከሻዬን አመመኝ ቢል ያሰናብቱኛል ብሎ ፈርቷል። ዝም ቢል ደግሞ ሕመሙ እየባሰ ነው። ለጓደኞቹ እንዳይነግር ወሬ ክንፍ አለው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኔን እያየ፣

«ሚስተር ቲ፣ ልንገራቸው?» አለኝ።

መልሱ ሳይጠይቀኝም ነበረኝ። ሰው ሲያመው ይናገራል፣ ይታከማል። «እ» አልኩት፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ፤ ከልቤ ስለነበረም ጠንከር አድርጌ። ፊቱ ተለወጠ። ነገሩ ከብዶት ነው አልኩ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። እኔ ሊነግራቸው የሄደ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላም ሲወረውር ሳየው፣ ተናግሮ ሐኪም ፈቅዶለት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የነገረኝ በምስጢር ስለነበር እሱ እስኪያነሳው ድረስ ላለማንሳት ወሰንኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ትከሻ ግን ይነቅዛል።

የደረሰው በአንድ የእሑድ ቀን ጨዋታ ላይ ነው። ሩበን እጁን አነሳ፣ ወረወረ፤ ኳሷ የትም ሳትደርስ መሬት ላይ እንደ ወደቀች ሎሚ ተንከባለለች። አልጮኸም። በግራ እጁ ቀኝ ክንዱን ደግፎ ቆመ። አሠልጣኙና ሐኪሙ ግራና ቀኝ ይዘው ሲያስወጡት፣ ከማውንዱ ሲወርድ እኔ የምጠግናትን ያችን ቦታ እንዳይረግጥ ዞር ብሎ አለፈ። በዚያች ሰዓት እንኳ። እኔ አጥሩ ሥር መጠቅጠቂያዬን ይዤ ቆሜ ነበር፤ እንባዬ መጣ።

የሚያንገበግበው፣ ቡድኑ መነሳት የጀመረው ከዚያው ሳምንት ነው። በሩበን ቦታ ከታችኛው ሊግ ሌላ ፒቸር አመጡ፤ አሸነፍን። ቀጥሎ መቺዎቹ ነቁ፤ አሁንም አሸነፍን። አንድ ቀን ሳንጠቀልለው የተውነውን የውሃ ቱቦ ያየ ተጫዋች፣ ይህ ቱቦ ነው ገዳችን፣ እንዳትነኩት ብሎ ለመነን። ቱቦው አጥሩ ሥር እንደተጋደመ ከረመ። ዳግ በተደናቀፈበት ቁጥር ይራገማል እንጂ እሱም አያነሳውም። ወንበሮቹ ሞሉ። ያ ማውንዱ ደርቋል ያለው አሠልጣኝ፣ እንዲህ ያለ ማውንድ አይቼ አላውቅም ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ሸክላው ያው ሸክላ ነው።

ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። አብረን ፈንጥዘናል፤ ቡድኑ ሲያሸንፍ የሜዳ ሠራተኛም ቀና ብሎ ይሄዳል። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ማውንዱ ላይ ብቻዬን ስንበረከክ ደስታዬ ጎዶሎ ነበር። ሩበን የሽንፈቱን ወራት ሁሉ ወርውሮ፣ ድሉን ሶፋ ላይ ተጋድሞ በቴሌቪዥን ማየቱ አልዋጥልህ አለኝ።

በሜዳችን የመጨረሻውን ጨዋታ አሸንፈን ወደ ማጠቃለያው ውድድር ባለፍን ማግስት፣ ሩበን ዕቃውን ሊወስድ መጣ። ትከሻውን ኦፕራሲዮን ሆኖ ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሯል። ሌላው ሁሉ ሲጨፍር አድሮ ተኝቷል፤ ሜዳው ላይ እኔና እሱ ብቻ ነን። ማውንዱ ላይ ወጥቶ ቆመ። ሐኪሙ ምን እንዳለው ነገረኝ። ሕመሙ እንደጀመረው መጥቶ ቢሆን ዕረፍት ብቻ ይበቃው ነበር፤ ይህን ጊዜ ከቡድኑ ጋር ይሆን ነበር።

«አንተን አልወቅስም» አለኝ። «እኔም አንተም ያሰብነው አንድ ነው። ልንገራቸው ስልህ ምን ያህል እንደደነገጥክ አይቻለሁ። ሚስተር ቲ እንኳ እንዲህ ከፈራ ይቅርብኝ አልኩ።»

«መቼ ነው የደነገጥኩት?»

ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እ» አለ። የገዛ ድምፄ ነበር።

ሬኩን ተደግፌ፣ በእኛ አገር ይህ አዎ ማለት እንደሆነ ነገርኩት።

«አዎ፣ ንገራቸው ነው ያልከኝ?»

«አዎ፣ ንገራቸው ነው ያልኩህ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ። ጫማው ጫፍ ላይ የተጣበቀውን ሸክላ በሌላው ጫማው ፋቀ። የዚህችን «እ» ትርጉም የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዳግ ያውቃል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ምንም አይደለም አለ፣ ምንም ያልሆነ ሰው ግን እንዲያ አይልም። ሊሄድ ሲል ለሚቀጥለው ዘመን ትመለሳለህ ወይ አልኩት። ሩበን ቆመ፤ ዞር ብሎ አየኝና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። «እ» አለ።

በእኛ አዎ ይሁን በእነሱ ድንጋጤ አላወቅሁም። ትከሻውን ወግቶትም ይሆናል። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ሻንጣውን በግራ እጁ አንጠልጥሎ በመውጫው በር ሄደ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ካዚኖ ውላ ሺፍቷን ጨርሳ መምጣቷ ነበር፤ ጫማዋን እያወለቀች ታዳምጠኛለች፣ በየመሃሉም «እ» ትላለች፣ «እ» ትላለች። ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ፣ የስ ማለት ምን ገደለህ?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ዘመን ማውንዱን ለሌላ ፒቸር ሠራሁ። ሩበን አልተመለሰም፤ ሌላ ቦታ ወርውሯል ሲባልም አልሰማሁም። እኔም ጊዜዬን ጨርሼ ጡረታ ወጣሁ።

አሁን ከእኔ በኋላ ሬኩን ለያዛችሁት ያገሬ ልጆች የምለው ይህን ነው። ሸክላውን ዳግ ያሳያችኋል። ሰው ቢጠይቃችሁ ግን፣ መልሳችሁ አዎ ከሆነ አዎ በሉት፤ በቃል፣ ትንፋሻችሁን ወደ ውጭ አውጥታችሁ።