አንድ መንገድ የቀረው ኮርቻ

አያ ፈንቴ ሞቱ የሚለውን ቃል ዛሬ ጠዋት በስልክ ሰማሁት። ልጃቸውን አወቀን «ድገመው» አልሁት። ደገመው። አሁንም አላመንሁም። ዕድሜዬን በመምህርነት ስላሳለፍሁ ይሆናል፣ ስም ተጠርቶ «አቤት» ሳይባል ሲቀር እንደገና መጥራት ይቀናኛል።

ትናንት ተቀብረዋል። እነሱ ዘንድ ስልክ አይሠራም ነበር፤ ከቡሬ ወዲያ ያለው መንገድም ተዘግቶ ሰንብቷል። አወቀ ዛሬ ኔትወርክ ፍለጋ ቡሬ ድረስ በእግሩ መጥቶ ነው የደወለልኝ።

መርዶውን እንደ ነገረኝ ያስከተለው ቃል ይህ ነው፦ «ኮርቻውን ሳናስመጣ ቀረን፣ መምህር።»

ለማታውቋቸው ወዳጆቼ ልንገራችሁ። አያ ፈንቴ የአዊ ተወላጅ፣ ከቡሬ ወዲያ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ፤ ደግሞም ፈረሰኛ። የተዋወቅነው እዚህ ፍኖተ ሰላም፣ እኛ ጡረተኞች የአባቶችን ዕቃ እየሰበሰብን በኮምፒውተር በምንመዘግብባት ክፍል ነው።

ኮርቻቸውን ሊሰጡን የመጡ ዕለት ከሚኒባሱ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ። ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው ቢላቸው እምቢ ብለው፣ ከቡሬ እስከዚህ ጭናቸው ላይ አድርገውት መጡ። «ስንት ዘመን ተሸክሞኛል፤ ዛሬ እኔ ብሸከመው ምን አለበት?» አሉኝ።

ያን ቀን አሠልጣኛችን ሰላማዊት ስለ አንድ ዕቃ የሚጻፈው መግለጫ እንዴት በየመደቡ እንደሚሞላ እያሳየችን ነበር። ሜታዳታ ይሉታል። ምሳሌ ያደረገችው በአየርላንድ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የሚኖሩትን የኬልቲክ ሕዝቦች ቅርስ ነው። የዕቃው ስም አስቀድሞ በራሳቸው ቋንቋ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ከምን እንደ ተሠራ፣ ልኩ፣ አገልግሎቱ፣ ባለቤቱ፣ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። አያ ፈንቴ ኮርቻቸውን እንደ ታቀፉ ቁጭ ብለው ያያሉ። የእኛን በገና የሚመስል፣ አውታሩ የረገፈ አሮጌ መሣሪያ ሲመጣ ግን ዝም ማለት አልቻሉም።

«ይህስ የማን ነው?»

«ባለቤቱ አልታወቀም ይላል፣ አባቴ።»

«እንጨቱን ለክተዋል?»

«አዎ፣ ቁመቱም ወርዱም አለ።»

«አይ እነዚህ ሰዎች! እንጨቱን ለክተው ሰውየውን ጣሉት?»

ክፍሏ በሳቅ ተሞላች። እኔ ለማላውቃቸው ሰዎች ጠበቃ ሆኜ፣ «አያ፣ ዕቃውን ያገኙት ሰውየው ከሞተ በኋላ ቢሆንስ? ማን ይንገራቸው?» አልኋቸው።

ኮርቻውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «እንግዲያው የኔን ሳልሞት ጻፈዋ!» አሉ።

ተቀምጠን ሞላነው። እንደ ምሳሌው ስሙን አስቀድመን በአገውኛ አስገባን፤ ድምፃቸውንም ቀዳነው። የዋንዛ እንጨት፣ የበሬ ቆዳ። የሠሩት አባታቸው። የግራው እርካብ ጠፍር ተበጥሶ በገመድ ተተክቷል። ከዚያ አገልግሎት የሚለው ላይ ደረስን። ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ያገለግላል ወይም አያገለግልም።

«ፈረሱ ሞቷል ብለውኛል፤ አያገለግልም ልበል?»

«ማን አለህ? አንድ መንገድ ቀርቶታል።»

«የምን መንገድ?»

«የኔ ለቅሶ ነዋ!»

እነሱ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ኮርቻው የተጫነበት ፈረስ በለቀስተኛው መካከል ይጎተታል። ሰው ባዶውን ኮርቻ አይቶ ነው አምርሮ የሚያለቅሰው። «ያን ቀን ታወጣልኛለህ፤ ከዚያ መልሰህ ስቀለው» አሉኝ።

«የተመዘገበ ዕቃ ከክፍሉ አይወጣም፣ አያ። ደንብ ነው።»

«ደንቡን ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«ጎሽ! እንግዲያው ሩቅ አንሄድም።»

«ያገለግላል» ብዬ ጻፍሁ። በማስታወሻው ቦታም «በባለቤቱ ለቅሶ ቀን ይወጣል» አልሁ። ከዚያ ወዲህ ቡሬ ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ከእኔ ጤና በፊት የሚጠይቁኝ እሱን ነው። «መምህር፣ ኮርቻዬ እንዴት አደረ?» ደኅና አድሯል ስላቸው፣ «አንድ መንገድ ቀርቶታል፣ እንዳትረሳ» ብለው ይስቃሉ።

አልረሳሁም ነበር።

አወቀን ታዲያ ምን አደረጋችሁ ብዬ ጠየቅሁት። «ጎረቤት ፈረስ ሰጠን። ኮርቻ የለውም። ጋቢያቸውን ጀርባው ላይ አልብሰን ጎተትነው» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ሰዉ ግን በዓይኑ ኮርቻውን ሲፈልግ አየሁ» አለ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ክፍሏ ሄድሁ። ኮርቻው ሰላሙን ተሰቅሏል፤ የግራው ገመድ እንደ ተንጠለጠለ ነው። መዝገቡን ከፈትሁ። ባለቤቱ ማረፋቸውን ጻፍሁ፤ ይህን መጻፍ ግዴታዬ ነው። ከዚያ አገልግሎት የሚለው ላይ እጄ ቆመ። ቀኑ አልፏል። በደንቡ ከሄድን «አያገለግልም» ነው የሚባለው። መዝገብ መዋሸት የለበትም እያልሁ ሰው ሳስተምር የኖርሁ ነኝ።

የተቀዳውን ድምፃቸውን ከፈትሁት። የኮርቻውን ስም በአገውኛ ይናገራሉ። የእኔ ድምፅ «ይድገሙልኝ» ይላል። ሳይሰለቹ ይደግሙታል። እኔም ደጋግሜ አደመጥሁት።

አያ ፈንቴ፣ ትናንት እርስዎን ሲሸኙ እኔ እዚህ ምንም ሳላውቅ ተቀምጬ ነበር። ኮርቻዎም ግድግዳው ላይ ነበር። ይህ የሚካስ አይደለም፤ ፈረሱ ያለ ኮርቻዎ ሄዷል። በአርባዎ መንገዱ ከተከፈተ እኔው ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣዋለሁ፤ ጣራ ላይ አይጫንም። ካልተከፈተም ለሙት ዓመትዎ አመጣዋለሁ፤ እኔን ካቆየኝ። «ያገለግላል» የሚለውን አልነካሁትም።

እንግዲህ በሰላም ይሂዱ፣ አያ። ኮርቻዎ ደኅና አድሯል። አንድ መንገድ ቀርቶታል።