ላ ሲመታ የሚያገሣው አዳራሽ

መነጽር ሠሪውን ያስቸገረው አንድ ድምፅ ነው። ከቤዝ ጊታሩ አራት ክሮች መካከል ላ የሚባለውን ሳይጫን ሲመታው አዳራሹ ያገሣል፤ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ፊት ወንበር ላይ ያሉት ዞር ዞር ይላሉ። እዚያው ክር ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲጫወት ደግሞ ድምፁ የት እንደገባ አይታወቅም። ታዳሚው የሚሰማው አንዴ ዱብ የሚል፣ አንዴ ጭራሽ የሌለ ነገር ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚያ አዳራሽ የሚጫወተው ባንድ እሱን ጨምሮ አምስት ሰው አለው። ዘፋኟና መሪዋ የአክስቱ ልጅ ናት፤ በአራት ዓመት ስለምትበልጠው «እታለም» ይላታል። እሷም እንደ ሌሎቹ «ዶክተር» ትለዋለች፤ ሱቁ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ የሰው ዓይን ስለሚለካ። አንድ እሑድ ካበቁ በኋላ ግን ዶክተር አላለችውም።

«ስማ አንተ፣ ብዙ ታግሼሃለሁ፤ ሰው የሚመጣው ሊደሰት እንጂ ሊደነግጥ አይደለም። ሦስት እሑድ ሰጥቼሃለሁ። ካልተስተካከለ ቤዙን ኪቦርድ ተጫዋቹ በግራ እጁ ይጫወተዋል።»

«በግራ እጁ?»

«በግራ እጁ! አንተ ቁጭ ብለህ ታጨበጭባለህ።»

መነጽር ሠሪው መጠጥ አይወድም፣ ኳስ አያይም። ከሱቅና ከቤት ሌላ ያለው ያ መድረክ ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆሞበታል። ስለዚህ ደነገጠ፤ የደነገጠ ሰው እንደሚያደርገውም ሁሉንም ነገር በአንዴ ለወጠ። ባለ አምስት ክር አዲስ ጊታር ገዛ። አራት ፔዳልም ጨመረ። ፔዳል በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሣጥን ነው፤ አንዱ የጮኸውንና ያነሰውን ድምፅ ያቀራርባል፣ አንዱ ድምፁን ያሻክራል፣ አንዱ ወፍራሙን ያጎላል፣ የአራተኛውን ጥቅም እሱም በደንብ አልደረሰበትም። ቤቱ ሆኖ ብቻውን ሲሞክራቸው ግን ድምፁ ማር ነበር።

ቤዝ የሚጫወት ሁሉ አንድ ቀን የሚወድቅበት ጉድጓድ ይኸው ነው። ለብቻው ሲሰማ ወፈር፣ ለስለስ ያለው ድምፅ ይጣፍጣል። ከበሮና ኪቦርድ ሲጨመሩበት ግን ያው ውፍረት ሌላው ሁሉ የሚሰምጥበት ጭቃ ይሆናል። የመጀመሪያው እሑድ የሆነው ይህ ነው። በሁለተኛው እሑድ ድምፁን ከፍ አደረገው፤ የአዳራሹ ጥበቃ ጣሪያው የተደረመሰ መስሎት በሩን በርግዶ ገባ።

ማታ ባለቤቱ እራት እያቀረበች ጠየቀችው። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ተቀብላ የሌንሱን ቁጥር የምትጽፈው እሷ ናት።

«ሰው ዓይኑን ሊለካ ሲመጣ አራት ሌንስ በአንዴ ትደረድርበታለህ እንዴ?»

«አብደሻል? ምኑን ከምን ይለየዋል?»

«ታዲያ ለጆሮ ሲሆን ማን አሳበደህ?»

እውነቷን ነው። በሥራው አንድ ሌንስ ያስገባል፣ «ይኼ ይሻላል?» ይላል፤ ያወጣል፣ ሌላ ያስገባል፣ «ወይስ ይኼ?» ይላል። ደንበኛው የትኛው እንደገባ አያውቅም፤ ስለማያውቅም አያዳላም። ሃያ ዓመት ሲሠራበት የኖረውን ዘዴ ጊታር ሲይዝ ረስቶታል።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘጉና ጥበቃውን አስፈቅደው አዳራሹ ገቡ። መጀመሪያ ባለቤቱ ጊታሩን ጭኗ ላይ አስተኝታ ላን ብቻ ደጋግማ መታች፤ እሱ ጠመኔ ይዞ ድምፁ የጎላበትንና የጠፋበትን ወለሉ ላይ ምልክት እያደረገ በወንበሮቹ መካከል ሄደ።

«ጣቴ ካበጠ ሳህን የምታጥበው አንተ ነህ።»

«ምቺ ዝም ብለሽ!»

ያገኘው ነገር በጣም ደስ የሚል ነው። አንድ ቦታ ሲቆም ድምፁ ሆዱን ይመታዋል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲል ድምፁ የለም፤ እንደገና እንዲሁ ሲሄድ ተመልሶ ይመጣል። ክሩ ሳይጫን የሚወጣው ላ ረጅም የድምፅ ሞገድ ነው፤ አንዱ ስድስት ሜትር ከሩብ ገደማ ይሆናል። የአዳራሹን ወርድ በሜትር ሲለካው የዚያ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ልኩን ያገኘ ሞገድ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲመላለስ ራሱ ላይ ይደረባል፤ አንዱ ጋ ይገዝፋል፣ ሌላው ጋ ይጠፋል። ሌሎቹ ድምፆች ልካቸው ስላልሆነ እንዲህ አይገዝፉም። የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ደግሞ መተላለፊያ እንዳይዘጋ ተብሎ ጥግ ላይ ተወሽቋል፤ ጥግ ማለት ግድግዳው ሞገዱን በደንብ የሚገፋበት ቦታ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ሲቆም፣ ጆሮው አምፕሊፋየሩ ሥር ስለነበር፣ እሱ ራሱ ታዳሚው የሚሰማውን አንድም ቀን አልሰማም።

ከዚያ ተለዋወጡ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ መሀል ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እሱ መድረክ ላይ እየተጫወተ አንድ ነገር ብቻ ይቀይርና ይጠይቃል።

«ይኼ ይሻላል?»

«ያው ነው።»

«ወይስ ይኼ?»

አምፕሊፋየሩን በየስንዝሩ ከጥጉ አራቀው። ከጎኑ ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ሲደርስ «እዚህ ጋ ተው! አትነካካው!» ብላ ጮኸች። የላ ግሣት ወድቆ ከሌሎቹ ድምፆች ጋር ተስተካክሎ ነበር። ከፔዳሎቹ ሦስቱን ሲያበራና ሲያጠፋ «አይሻልም» አለች፤ አንዱን፣ ድምፁን የሚያቀራርበውን፣ ወደደችው። በመጨረሻ አሮጌውንና አዲሱን ጊታር አፈራረቀ። ሦስት ጊዜ ጠየቃት፤ ሦስቱንም ጊዜ አሮጌውን መረጠች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንተ ደንበኛን እንዲህ ትጨቀጭቃለህ?»

አዲሱ ጊታር አልጋ ሥር ገባ። እሱም ሁለት ቀን አኩርፎ ሰነበተ።

ሦስተኛው እሑድ በአሮጌው ጊታርና በአንዲት ፔዳል ቀረበ። ግሣቱ የለም፤ መስታወቱም ዝም አለ። ግን የቤዙ ዜማ አሁንም ልቅም ብሎ አይሰማም፤ የሆነ ነገር ይሸፍነዋል። አራት ዘፈን አለቀ። እታለም አንዴም ወደ እሱ አልዞረችም፤ ይህ ደህና ምልክት አልነበረም። በአምስተኛው ዘፈን መካከል ኪቦርድ ተጫዋቹ በቀኝ እጁ እየተጫወተ በግራው ከአጠገቡ ጠርሙስ አነሣ። ወዲያው ቤዙ ጥርት ብሎ ወጣ፤ እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻው ተቆጠረ። እታለም እየዘፈነች ዞራ አየችው። ጠርሙሱ ሲቀመጥ ቤዙም ተመልሶ ተሸፈነ።

ካበቁ በኋላ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ዶክተር፣ አምስተኛው ላይ ምን አደረግህ?»

«እኔ ምንም። እሱ ውኃ ጠጣ።»

ነገሩን አስረዳት። የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ታች ሲወርድ ቤዙ የሚጫወትበት ሠፈር ነው የሚገባው፤ ሁለት ወፍራም ድምፆች አንድ ቦታ ሲጋፉ ሁለቱም አይሰሙም። እሷም ፈረደች፦ አንተ ትቆያለህ፣ ግን እሱን የምታሳምነው አንተ ነህ፤ እኔ በሁለት ወንዶች ጣት መካከል አልገባም።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ቀላል ሰው አይደለም።

«ግራ እጄን ታዲያ ምን ላድርጋት? ኪሴ ልክተታት?»

«ወደ ላይ አውጣት። መሀሉ ክፍት ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ታች የኖረችን እጅ?»

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ሱቁ ሲዘጋ ኪቦርዱ የመነጽር ክፈፎቹ መደርደሪያ ፊት ይዘረጋል። ባለቤቱ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ኪቦርድ ተጫዋቹ አንዴ ግራ እጁን ታች፣ አንዴ መሀል አድርጎ ይጫወታል፤ መነጽር ሠሪው ቤዙን ይዞ አብሮት ይሄድና «ይኼ ይሻላል? ወይስ ይኼ?» ይላል። ባንዱ ከሚጫወታቸው አሥራ ሁለት ዘፈኖች ሁለቱን ጨርሰዋል። ሦስተኛው ላይ ግራ እጁ ከአዝማቹ በፊት ሁልጊዜ ሹልክ ብላ ትወርዳለች፤ ትናንትም ስድስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመሩት።