ቅቤ የነካው ሐር

እናቴ ደጋው ሞላሌ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ የበግ ፀጉር ስትፈትል ኖረች። ስንት ቤት ለብርድ የሚለብሰው ባና ከእጇ ወጥቷል። እኔ ደግሞ ዓለም ከተማ ከምትባለው ከተማ ገብቼ፣ ከሴቶች ጋር በማኅበር ተደራጅቼ፣ የጉሎ ቅጠል እያበላሁ የሐር ትል አረባለሁ። ይህን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች።

"በግ ትተሽ ትል ማርባት ጀመርሽ?" አለችኝ።

ነፍሰ ጡር ስሆን ግን ሳቋ ቀረና ልመና ያዘች። የልጄን የክርስትና ማተብ በገዛ እጇ ልትፈትል ፈለገች፤ ያውም በሐር። ሐርን የምታውቀው ገበያ ላይ ተፈትሎ ሲሸጥ ነው፤ ጥሬውን ነክታው አታውቅም። ትሉ ፈትሎ ከሚገባበት ቤቱ ቀቅዬ ያወጣሁትን ጥሬ ሐር አንድ እፍኝ ወሰድኩላት።

እጇ አስቸገራት። በብርድና በሥራ የተሰነጣጠቀ ጣቷ ሐሩን እየያዘ አልለቅም አለ። ደረቅ ፀጉር ሲገጥማት እንደምታደርገው መዳፏን ቅቤ ቀባችና ቀጠለች። ፈትሉ ቀጭንና እኩል ወጣላት። ሐሩ ግን ቅቤውን ጠጥቶ ቢጫ ሆነ፤ ሽታውም ከሩቅ ያስታውቃል።

"ምነው እማ፣ የበግ ፀጉር መሰለሽ?" አልኳት። ግልፍተኛ ነኝ፣ አልደብቅም።

"በአመድ ውኃ አጥበዋለሁ።"

"ተይው፣ ተበላሽቷል። ከገበያ እገዛለሁ።"

ገዛሁም። ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ አንገቷ ላይ የታሰረው የሱቅ ክር ነበር። እናቴ ከሁሉ አስበልጣ እልል አለች።

ስሰናበታት አየሁት። ያረጀ ማተቧን ፈትታ፣ ያንን ቢጫ ፈትል ገምዳ አንገቷ ላይ አስራዋለች።

"ለአሮጊት ይበቃል" አለችኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ሌላ እፍኝ ማምጣት እኮ እችል ነበር። ምን ነካኝ?

ባለፈው ክረምት አረፈች። የገነዟት ሰዎች ማተቧን አልነኩትም፤ ማተብ ከባለቤቱ ጋር ነው የሚቀበር። ጥቂት ቆርጣችሁ ስጡኝ ልላቸው ፈልጌ አፌ ላይ ቀረ።

አሁን ቤቴ ሙሉ ሐር ነው። አምስት ዓመት የሞላት ልጄ በቀደም ክምሩ ውስጥ ገብታ "አያቴ የፈተለችው የቱ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ክር እንኳ የለኝም። እናቴ ትናፍቀኛለች። አዲስ ሐር ባወጣሁ ቁጥር ሰው ሳያየኝ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋዋለሁ፤ ቅቤ ቅቤ አይልም።