ወደ ሥር ያልወረደው ምግብ

ሰፈሩ ሁሉ «እጀ ለምለም» ይለዋል። ደረቅ እንጨት ቢተክል ይጸድቅለታል እየተባለ ይወራለታል፤ እሱም ወሬውን አልጠላውም። ዕድሜውን የጨረሰው ብርቱካን በማዳቀል ነው። የኮምጣጣ ብርቱካን ችግኝ ያፈላል፤ ግንዱ እርሳስ ሲያክል ቅርፊቱን በስለት ይሰነጥቅና፣ ከጓሮው ትልቅ ዛፍ የቆረጠውን አንድ የቡቃያ አይን ከቅርፊቱ ሥር ሸጎጥ አድርጎ በላስቲክ ጥፍር ያደርገዋል። አይኑ ሲይዝ የችግኙን አናት ቆርጦ ይጥላል። ከዚያ በኋላ ሥሩ የኮምጣጣው፣ ፍሬው የጣፋጩ ነው። ሲሠራ ሳያውቀው ምላሱን በአፉ ጥግ ያወጣል። ሚስቱ ባየችው ቁጥር «አንተ ሰውዬ፣ ምላስህን አስገባ፣ ዝንብ ያርፍበታል» ትለዋለች።

አይኑ ሁሉ የሚወጣው ከአንዲት ዛፍ ነበር። አባቱ የተከላት ስትሆን ቤተሰቡ «እናትዬዋ» ይላታል፤ ሚስቱ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ጣውንቴን ተዋወቋት» እያለች ታሳያለች። በቤቱ አንድ ደንብ አለ፤ አግብቶ የሚወጣ ልጅ ከእናትዬዋ የተዳቀለ ችግኝ ሳይዝ አይወጣም። ሁለቱ ትልልቆቹ በየደጃቸው የተከሉት ዛሬም ደህና ነው። እናትዬዋን ችግር ያገኛት ታናሿ ልጁ ልታገባ ስትል ነው።

መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፏ ታመመ። ቅጠሉ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ አረንጓዴ፣ ዝንጉርጉር ሆነ። ፍሬዋ ጎባጣና ትንንሽ እየሆነ ሳይበስል ይረግፍ ጀመር። እጀ ለምለም «ርቧት ነው» አለ። ፍግ አለበሳት፣ ማዳበሪያ ጨመረላት፣ ቤቱ ተጠምቶ እሷን አጠጣ። ጠብ የሚል ነገር የለም። በመጨረሻ እርጅና ነው ብሎ ተቀበለውና፣ በሙያው ያለ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ሳትሞት አይኗን በወጣት ሥር ላይ ለማትረፍ ቸኮለ። ጤነኛ ከሚመስለው ጎኗ መርጦ ቆረጠ፣ አዳቀለ፤ ያማረውን ችግኝ ለታናሿ ለሠርጓ ሰጣት። አማቹ ኑሮው ብርቱካን ነው፤ ኮረብታ ሙሉ ተክሎ የሚያድር ሰው። ችግኙን በክብር ተቀብሎ እርሻው መሀል ተከለው።

ዓመታት አለፉ። እናትዬዋ አትሞት፣ አትድን። አንድ ቀን ሚስቱ ጨቅጭቃ ጨቅጭቃ ከእርሻ ቢሮ ባለሙያ አስጠራች። የመጣችው ልጅ እግር ሴት ናት። ዛፏን ዞር ዞር ብላ አየች፣ አንዱን ቅርንጫፍ ቆረጠችና ቅርፊቱን ልጣ አሳየችው።

«አባባ፣ ውሃው ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በዚህ በእንጨቱ ውስጥ ነው። ማዳበሪያውም አብሮት ይወጣል። ቅጠሉ በፀሐይ የሚያበስለው ምግብ ግን ወደ ሥር የሚወርደው በዚህ ነው፣ በቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ። በሽታው እዚህ ይገባና መውረጃውን ይደፍነዋል። ምግቡ ላይ ይቀራል፣ ሥሩ በረሃብ ያልቃል።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ፍግ ስቀልባት የኖርኩት?»

«እርስዎ ከታች ይቀልቧታል፤ ሥሯን የራበው ከላይ የሚመጣው ነው።»

መድኃኒቱን ጠየቃት። ከመጋዝ በቀር የለም አለችው። ጤነኛ የሚመስለውም ቅርንጫፍ ውስጡ በሽታው ሊኖርበት እንደሚችል፣ ትንንሽ ነፍሳት ከዛፍ ዛፍ እንደሚያዞሩት ነገረችው። ቀጥላም በዝግታ፣ «አይን ግን አልቆረጡባትም አይደል?» አለች። እጀ ለምለም ቅርፊቱን ተቀብሎ አገላበጠው። ሚስቱ ቅርፊቱን ከእጁ ላይ ወሰደችና «ግባ፣ ፀሐዩ በርትቷል» አለችው።

ለታናሿ ደወለ። እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የእነሱም ዛፎች እንደዚያው መሆናቸውን፣ መጀመሪያ የታመመችው የሠርጓ ዛፍ መሆኗን፣ ቀጥሎ በዙሪያዋ ያሉት፣ አሁን ኮረብታው በሙሉ ቢጫ መልበሱን ነገረችው። እስከዚያ ቀን ምክንያቱን አላወቁም ነበር።

«ለሱ እንዳትነግረው አባዬ። በሞቴ።»

«ልጄ፣ ይኼማ ይደበቃል?»

«እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።»

ሰጣት። እናትዬዋን በራሱ እጅ ቆርጦ ከነሥሯ ነቅሎ አቃጠለ። ሚስቱ ያን ቀን ስለ ጣውንት አልቀለደችም። ከዚያ ወዲህ ስለት አልጨበጠም፤ ችግኝ ፈልጎ የመጣውን ሁሉ «አቁሜያለሁ» እያለ ይመልሳል። እህል አልወርድ አለው። ሌሊት ተገላብጦ የሚያድረው እናትዬዋን አስቦ ሳይሆን የልጁን ቤት አስቦ ነው። ታናሿ ሲደውልላት «ገና ነው» ትላለች፤ ኋላ ኋላ ስልኩን አታነሳም። በመጨረሻ ልብሱን ቀይሮ ወደ ቤታቸው ሄደ።

አማቹ ደጅ ወጥቶ ተቀበለው። ያ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ጎልማሳ ከስቶ አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ጠፍቷል። ኮረብታውን አሳየው። ዛፎቹ ቆመዋል እንጂ ዛፍ አልነበሩም፤ ከሥራቸው ያልበሰለ ብርቱካን ተነጥፏል። እጀ ለምለም ከእግሩ ሥር የወደቀውን ላለመርገጥ እየመረጠ ተራመደ።

ማዕድ ቀረበ። አማቹ አልጎረሰም።

«እኔ ነኝ የበደልኳቸው አባባ» አለ። «ውሃ አሳንሼ ይሆናል። ሥራቸውን ቆፍሬ አየሁ፣ በስብሷል። አፈሩን አስመረመርኩ፣ ምንም የለውም ይሉኛል። እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ካልሆነ የማን ነው? አሁን ተስፋዬ እርስዎ ነዎት። ከእናትዬዋ አዲስ ችግኝ ቢያዳቅሉልኝ ሁሉንም ነቅዬ እንደገና እጀምራለሁ።»

ታናሿ ከጓዳ ወጥ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አባቷን አየችው፤ አይኗ የሚለው ግልጽ ነበር። እጀ ለምለም ግን የሰውየውን የከሳ አንገት እያየ ዝም ማለት አልቻለም። ሰው በማያውቀው ኃጢአት ራሱን ሲደበድብ እያዩ ምሳ አይበላም።

«የኔ ልጅ፣ አንተ ምንም አልበደልክም» አለ። «ከኔ ነው የመጣው። የሰጠኋችሁ ችግኝ የታመመ ነበር። አላወቅኩም፣ ግን እኔ ነኝ።» እንጨቱን፣ ቅርፊቱን፣ መውረጃው ተደፍኖ የተራበውን ሥር፣ ባለሙያዋ እንዳስረዳችው ነገረው። እናትዬዋም የለችም፣ አቃጥያታለሁ አለው።

አማቹ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ያልነካውን ሳህን ገፋ አድርጎ፣

«እሷስ? ታውቅ ነበር?» አለ።

እጀ ለምለም በዕድሜው ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ቢሆንም አንዴ እንኳ ሳይንተባተብ፣ «ኧረ አታውቅም! ከየት ሰምታ?» አለ።

«አውቅ ነበር» አለች ታናሿ ከበሩ ላይ። «አባዬ የዚያኑ ቀን ነግሮኛል።»

ባልየው ዞሮ አያት።

«ሥሩን ስቆፍር አብረሽኝ አፈር ስትዝቂ ነበር እኮ።»

«አዎ።»

«የቱ ጋ እንዳጠፋሁ ፈልጊልኝ ስልሽ፣ አብረሽኝ ስትፈልጊ።»

«አዎ።»

ቀስ ብሎ ተነሳ። ለአማቱ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል» አለ በትሕትና፤ የራሱን ሳህን አንስቶ ወደ ጓዳ መለሰና በጓሮ በኩል ወጣ። ታናሿ ወጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ምን ነካሽ ልጄ?» አለ እጀ ለምለም። «እኔ ሸፍኜልሽ አልነበር?»

«አንተ ነገ ትሄዳለህ አባዬ» አለች። «እዚህ የምኖረው እኔ ነኝ።»