ውሃ ላይ የምትራመደው ጠላቴ

ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እዚያ ግን ጠላት አለችኝ፤ ድንቢጥ የምታህል፣ ጥቁር፣ ጅራቷ ሥር ነጭ ጣል ያለባት ወፍ።

ነገሩ የተጀመረው ከፒያሳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስትወርዱ ባለች አንዲት ካፌ ውስጥ ነው። እዚያ በቀደዳ የሚደርስብኝ የለም። እኔ ወሬ ስጀምር የታዘዘ ማኪያቶ በረዶ ይሆናል፤ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመ ታክሲ ተሳፋሪውን ጥሎ ይመጣል። አንድ ቀን ታዲያ በድሮው ባሕር ኃይል መርከበኛ የነበሩ፣ እምብዛም የማይናገሩ ሽማግሌ ወሬዬን መሃሉ ላይ ቆረጡት።

«መሬት ከዓይን በጠፋበት ውቅያኖስ ላይ» አሉ፣ «ድንቢጥ የምታህል ወፍ ውሃው ላይ ስትራመድ አይቻለሁ። አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፤ ባሕሩን ሞልተውታል። መሬት የሚረግጡት እንቁላል ለመጣል ብቻ ነው።»

ጠረጴዛው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። በእኔ ወንበር! በእኔ ታዳሚ!

«ጋሼ፣ ጫማዋን አውልቃ ነው ወይስ እንዳደረገች?» አልኳቸው።

ሳቁ ጣሪያ ነካ። ከዚያ ወዲህ አልለቀቅኳቸውም። ዝናብ ጥሎ በሩ ላይ ውሃ በተኛ ቁጥር «ጋሼ፣ ወፍዎ እየተራመደች መጣች፤ ወንበር ይልቀቁላት!» እላለሁ። በመጨረሻ ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«አንተ ቀዳጅ! እንወራረድ። ውሸት ከሆነ እኔ እዚህ ቤት ድርሽ አልልም። እውነት ከሆነ አንተ እስከ ፋሲካ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አፍህን አትከፍትም።»

«ለማኪያቶስ?»

«ለማኪያቶ ብቻ!»

ዳኛ ከጠረጴዛችን ሰዎች ሙስሊሙ የወሎ ልብስ ሰፊ ሆነ። «እኔ ፋሲካም የለኝ፣ ባሕርም የለኝ፤ ገለልተኛ ነኝ» ብሎ ስልኩን አወጣ። የወፏን ስም ግን ማን ይወቅ? ጋሼ ራሳቸው «እኛ ያቺ ትንሿ ነበር የምንላት» አሉ። ልብስ ሰፊው «ውሃ ላይ የምትራመድ» ብሎ ቢፈልግ ስልኩ ስብከት በስብከት ሆነ። አንዱ ሰባኪ «እመኑ!» እያለ ሲጮህ እኔ በሳቅ ተንፈራፈርኩ።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ አስተናጋጇ ስልኩን ነጠቀችው። በእንግሊዝኛ ጻፈችና አዞረችልን። ይቺ የተረገመች ወፍ! ክንፏን ወደ ላይ ዘርግታ፣ በቀጫጭን እግሮቿ ማዕበሉን መታ መታ እያደረገች ትሄዳለች፤ በክረምት ቀሚሷን ሰብስባ ጎርፍ የምትሻገር ሴት ነው የምትመስለው።

«ኤአይ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ኤአይስ አንተ! ዝጋ!» አለ ዳኛው።

ዘጋሁ። ጋሼ ወንበሬ ላይ ተሰየሙ። በየቀኑ ስለዚያች ወፍ ያወራሉ፤ ወፏም በየቀኑ ትወፍራለች። ድንቢጥ የነበረችው ርግብ ሆነች፣ ከዚያም ዶሮ አከለች። እኔ ማኪያቶዬን አማስላለሁ፤ ሆዴ ሊፈነዳ ነው።

አንድ ቀን ከሥላሴ ቀብር የሚመለስ፣ ጥቁር የለበሰ እንግዳ ጠረጴዛችን ላይ ተቀመጠ። ጋሼን አፉን ከፍቶ ሰማቸውና ወደ እኔ ዞረ።

«ውሃ ላይ? እውነት ነው?»

ጋሼ ፈገግ ብለው አዩኝ። ውርርዱ ያሰረው ግን አፌን ነው፤ አንገቴን አይደለም። እያዘንኩላቸው መስዬ፣ ቀስ ብዬ ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። ጣቴንም ግንባሬ ዳር አንዴ አሽከረከርኩ።

«እግዜር ይማርዎት አባባ» አለ እንግዳው፣ ማኪያቶ እያዘዘላቸው።